ነጠላዬን ያላዘቀዘቅሁበት ቴአትር

ሰው ቴአትር የሚገባው ሊስቅ ነው ይባላል። እኔ ግን ጎንደር ፒያሳ ካለው አዳራሽ ደጃፍ በየሳምንቱ ወረፋ የምይዘው ልስቅ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሳይ ነው የምውለው። የሥራ ባልደረቦቼ «አንቺ ደግሞ ይሄ አይበቃሽም? ከዚህ ወጥተሽ ሌላ ሙሾ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ! እኔ ጋውኔን አውልቄ ነጠላዬን ደርቤ ቁልቁል ወደ አዳራሹ እሮጣለሁ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዘፈን የሚሄድ ቴአትር ነው፤ ግን ዘፈን ሲባል የሠርግ ዘፈን እንዳይመስላችሁ። ርዕሱ ረጅም ስለሆነ እኛ ወዳጆቹ አሳጥረን «በሯ» ነበር የምንለው። ታሪኩ የአንዲት ደገኛ እናት ታሪክ ነው። ልጇ ሰው ገድሎ ወደ ቆላ ይሸሻል፤ የሟች ወገኖች ደማቸውን ሊመልሱ ተከትለውት ይወርዳሉ። እናትየዋ የቤቷን በር ቀንም ሌትም ሳትዘጋ ትጠብቀዋለች። ከመድረኩ ጥግ ደግሞ አልቃሾች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሙሾ ሊያወርዱ ነው የመጡት፤ ግን የሚለቀስለት ሰው ገና አልሞተም። ስለዚህ ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም በማሲንቆ ያዜማሉ። ልጅሽ ቁመቱ እንዴት ነበር፣ ጥርሱስ ያምራል ወይ፣ ፈረስ ይወጣል ወይ እያሉ እናትየዋን ይጠይቋታል። ለግጥማቸው ነዋ! አዳራሹ በሣቅ ያወካል፤ ወዲያው ደግሞ በሣቁ ያፍርና ጭጭ ይላል።

መጨረሻው ላይ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። እናትየዋ ከመደቧ ትነሣለች። ማሲንቆው ያቆማል። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ አፉን ሲከፍት፣ ድርግም! መብራት ይጠፋል። አለቀ። ሞተ ሊሏት ነው? ታርቀናልና ልጅሽ ይመለስ ሊሏት ነው? አይታወቅም።

በዚያ ጨለማ ውስጥ እኛ የራሳችን ወግ ነበረን። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ልጁ ሞቷል ብሎ ያመነ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ጥለቱን ወደ አንገቱ ያደርጋል። አልሞተም ያለ እንደነበረ ይተወዋል። ነጠላ ያልያዘ ሻርፑን ይገለብጣል። መብራት ሲበራ እንተያያለን፤ ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ጉዱ! ማዶ ያለው ጭማቂ ቤት ገብተን ጨዋታው ይደራል። «አንተ ባለፈው አላዘቀዘቅህም ነበር፤ ዛሬ ምን አየህ?» «ሽማግሌው ዱላውን በግራ እጁ ይዞ ነበር፣ አላየሽም?» ቤቱ ሊዘጋ ነው ውጡ እስኪሉን እንከራከራለን።

እኔ አንድም ቀን አዘቅዝቄ አላውቅም።

ምክንያቴን ለማንም አልነገርኩም። ታናሽ ወንድሜ ሰሊጥ ሊያርም ብሎ ከደጋው አገራችን ከኮሶዬ ወደ ቆላው ወደ ሳንጃ ወረደ። በየክረምቱ ስንት ጎረምሳ ይወርዳል፤ አዲስ ነገር አልነበረም። አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ ደውሎ «ማዶ ጥሩ ሥራ አለ ብለውኛል፣ ለእማ ንገሪልኝ» አለኝ። ማዶ ያለው ከመተማ ወዲያ፣ ከድንበሩ ባሻገር ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ማዶ ጦርነት እንዳለ እንሰማለን። አብሮት ተሻገረ ከተባሉት አንዱ «አይቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ከኛ ጋር አልነበረም» ይላል። እስከዛሬም ወሬው አልመጣም፤ በጎውም ክፉውም።

እናቴ ያለችው እዚያው ኮሶዬ ነው። ጎንደር እኔ ጋ ነይ ብላት «እሱ ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?» አለችኝ። ትንሿን ስልኳን ከደረቷ አትለይም፤ ጎረቤት ባለው ሶላር ታስሞላታለች፤ ከጠራች የእጇን ሊጥ እንኳ ሳትጠርግ ነው የምታነሣት። ሰው ተሳስቶ ሲደውልላት አትዘጋም። «ማን ልበል? ከወዴት ነህ? ከቆላ ነው?» እያለች የማታውቀውን ሰው ታስጨንቀዋለች።

እና እኔ ያንን ነጠላ እንዴት ብዬ ነው የማዘቀዝቀው? ሟርት ነው! በቴአትርም ቢሆን ሟርት ነው። ተምሬያለሁ፣ እንጀራዬም ማይክሮስኮፕ ነው፤ ግን እጄን ወደ ነጠላዬ ስሰድ እምቢ ይለኛል። ቴአትሩን የምወደውም ለዚሁ ነበር። ሽማግሌው አፉን በከፈተ ቁጥር ጆሮዬን ልይዝ እደርሳለሁ፤ መብራቱ ድርግም ሲል ግን ነፍሴ ትመለሳለች። ምንም አልተባለማ! ወንድሜ ሌላ ሳምንት የተጨመረለት እየመሰለኝ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በሞቴ፣ ይሄ ለማን ይነገራል?

ታዲያ አንድ ቀን «በሯ» ፊልም ሊሆን ነው ተባለ። የስልክ ግሩፓችን እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ከወዳጆቹ ውስጥ ሁልጊዜ የምንገናኘው ጥቂት ነን። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ያስተምራል፤ እሱን መምህሩ እንበለው። አንዱ የመንግሥት ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ስልኩ ካልቀረጸለት ያየ የማይመስለው ሰው። ሦስተኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከሁሉም እሷን እወዳታለሁ፣ አፏ አያርፍም እንጂ ልቧ ሸጋ ነው።

ፊልሙ ሲወጣ ተያይዘን ሲኒማ ቤት ገባን። ፀጉር ሠሪዋ ገና ከመጀመሪያው ተቁነጠነጠች። «የገጠር እናት ነኝ ትላለች፣ ፀጉሯ ግን ካስክ ገብቶ የወጣ ነው! እንዴ፣ እኛ አናውቅም?» አለች። የሒሳብ ሠራተኛው ማሲንቆው በኪቦርድ መተካቱ አንገበገበው። አልቃሾቹንም አሳጥረዋቸው አንድ ቦታ ብቻ ብቅ ይላሉ፤ ያ የሚያስቀውና የሚያሳፍረው ዘፈናቸው ጠፍቷል። ይሁን፣ ይሄን ሁሉ ቻልኩት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን ካሜራው አልሸሸም። ተጠጋ፤ ይብስ ተጠጋ። ትልቁ ሽማግሌ አፉን ከፈተ፤ መብራት የሚያጠፋ ሰው የለም። «ልጅሽ...» ሲል ቦርሳዬን አንሥቼ የሰው እግር እየረገጥኩ ወጣሁ።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ በድምፅ የላክሁትን አሁን ባልሰማው ይሻለኛል። ፊልሙን ረገምኩት። ያበላሹት አንድ ቴአትር ነው እንጂ የሰው ቤት አይደለም ብሎ ያሰበ ሁሉ ሳይገርመው አልቀረም።

መምህሩ ረጋ ብሎ መለሰ፤ እርጋታው ነው የሚያናድደኝ። «ቴአትር ጠይቆ ሊተው ይችላል፤ ጨለማው ውስጥ ሰዉ አንድ ላይ ነው። ፊልም ግን ፊት ለፊት አቅርቦ ካሳየህ በኋላ መልሱን ቢነሣህ ማታለል ነው» አለ።

«ማን ነው መልስ የጠየቀህ?» አልኩት።

«እናትየዋ ጠይቃለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምትጠይቀው እኮ እሷ ናት።»

«ተስፋዋን ከምትቀማት ብትተዋትስ?»

«ደግሞስ መጨረሻውን ሳታዪ ወጥተሽ መጨረሻውን መተቸት ምን ይባላል?»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ፤ ስልኬን አልጋ ላይ ወርውሬ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። በኋላ አዘጋጆቹ ራሳቸው ያንን የመጨረሻ ትዕይንት ቆርጠው በነጻ ለቀቁት፤ ግሩፑ ላይ ሁሉም ተቀባበለው። እኔ አልከፈትኩትም።

ከሁሉም የከፋው ምን መሰላችሁ? ትዕይንቱ የተቀረጸው ኮሶዬ ነው። ከእናቴ ቤት አለፍ ብሎ ያለው ገደል አፋፍ ላይ! የሒሳብ ሠራተኛው ደርሶ «ቦታውን ሄደን እንይ፣ እዚያው ቆመን ፎቶ እንነሣ፣ ማኪና እኔ እፈልጋለሁ» አለ። የግሩፑ ሰው ሁሉ እሰይ አለ። «አንቺ የአገሩ ልጅ አይደለሽ? ትመሪናለሽ» አሉኝ። አልመራም ብል ምነው ሊሉኝ ነው፤ ምነው ካሉኝ ደግሞ ልናገር ነው። የገበያ ቀን ስለነበር እናቴ በጠዋት ትወጣለች፣ አታየንም ብዬ ራሴን አጽናናሁና እሺ አልኩ።

በፊልሙ ያለው ብርሃን የማለዳ ነው ብለው ገና ሳይነጋ አስነሡኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሞቅ ያለ ጨዋታ ነበር፤ አልቃሾቹ ልጅሽ ፈረስ ይወጣል ወይ የሚሉበትን ዘፈን እየተቀባበሉ እስከ ኮሶዬ ዘለቁ። ከአስፋልቱ ዳር፣ ጥብስ ቤቶቹ ጋ ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አወጡ፤ ወንዶቹም ለፎቶው ብለው ጋቢና ነጠላ ይዘው ነበር። ፊልሙ እንግዲህ ነገሩን ቆርጦታል፤ ልጁ ሞቷል፤ ስለዚህ ሁሉም አዘቀዘቁ። ፀጉር ሠሪዋ የእኔን ልትገለብጥልኝ እጇን ስትሰድ እጇን መታሁት።

«ኤዲያ! አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ» አለች፤ አልተቀየመችኝም።

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የከተማ ጫማ አድርጌ ነበር፤ የገብሱ ማሳ ዳር ስንደርስ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ፀጉር ሠሪዋ በአንድ በኩል፣ መምህሩ በሌላ በኩል ደግፈው ያዙኝ፤ ሌሎቹ ከኋላ ከኋላ ይከተሉናል። ያመመኝ እግሬ ስለነበር ዓይኔ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ቀና ስል ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ነን።

ገበያ አልሄደችም። ለላሟ አተላ በባልዲ ይዛ ከበሩ ብቅ ስትል ነው የተገጣጠምነው።

ምን እንዳየች እስቲ አስቡት። ማለዳ ነው። ማንም ሰው መርዶ ካልሆነ በዚያ ሰዓት ከከተማ ተሰብስቦ አይመጣም። የማታውቃቸው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጨዋታቸውን አቁመው ይመጣሉ። መሐላቸው ልጇ አለች፤ እያለቀሰች፣ በሁለት ሰው ተደግፋ። ምንም አልጠየቀችም። ባልዲው ከእጇ ወደቀ፤ አተላው በሩ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ።

«ልጄን!»

«እማ! ኧረ ምንም የለም! ደህና ነው! ምንም አልሰማንም!» ብዬ ጮህኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚለው ይሄንኑ አይደል? ደህና ነው፣ ትንሽ አሞታል፣ ምንም የለም። እውነቱን በነገርኳት ቁጥር ይበልጥ መርዶ አደረግሁት። እሷ መሬት ላይ ወድቃ ደረቷን ትመታለች፤ እኔ በአንድ እግሬ እየነጠርኩ «ቴአትር ነው! ቴአትር ነው!» እላለሁ። ማን ይሰማኛል?

ያገራችን ሴቶች ጩኸት ከሰሙ ምክንያቱን ቆመው አይጠይቁም። አንዷ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ መጣች፤ ሌላዋ እየሮጠች ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከማሳው ወንዶቹ በሬዎቻቸውን ፈትተው ሮጡ። ደጃፉ ሞላ። እናቴም ማዜም ጀመረች፤ ስታዜም ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ስልኩ አይጠራም እንጂ እኔስ እጠራለሁ፣
በሩን ክፈቱልኝ፣ ልጄን አስገባለሁ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኛ ስንት ማታ ጭማቂ ቤት ቁጭ ብለን የመድረኩ ሙሾ ይበልጣል፣ የፊልሙ ይበልጣል ስንባባል የነበርን ሰዎች አጥር ተደግፈን አፋችንን ከፍተን ቆምን። የሒሳብ ሠራተኛው ልማዱ ሆኖበት ስልኩን አነሣ። «አውርደው!» አልኩት፤ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልኩን ኪሱ ከቶ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረና ተንሰቀሰቀ።

የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ፣ እኛ አያ የምንላቸው ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በወዴት በኩል ሰማችሁ?»

«አያ፣ አልሰማንም! እነዚህ የቴአትር ሰዎች ናቸው፤ ፎቶ ሊነሡ ነው የመጡት።»

«ነጠላ አዘቅዝቆ ፎቶ? ምነው ልጄ፣ እኔን ታሞኚኛለሽ? በይ ማይልኝ።»

«ወንድሜ ይ...» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። ለአምስት ሳንቲም ነገር ሁሉ በቀን ስንቴ የምንምለው መሐላ ነው፤ ወንድሜ ይሙት! ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመደው ሌላ መሐላ የለም። ዝም ስል እያዩኝ ፊታቸው ወየበ፤ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ዝምታዬን ቃሌ አድርገው ወሰዱት።

«ኧረ አይደለም! እመቤቴን! እመቤቴን አያ፣ አልሰማሁም! እሱን መማል ፈርቼ ነው!»

ያኔ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ አመኑኝ። ተመልሰው ሕዝቡ መሐል ገብተው ዱላቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ በዚያው ጊዜ ፀጉር ሠሪዋ ያንን ጭቃ ሳትጠየፍ እናቴ እግር ሥር ተደፍታ ነበር። «እማማ፣ ይማሩን! ለጨዋታ ብለን ነው፣ አላወቅንም፣ እማማ!» እያለች ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች አደረገችው። መምህሩም የራሱን ገለበጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ። ከኔ ጩኸት ይልቅ ያ ነው የተሰማው። ለቅሶው ከዳር ጀምሮ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ፤ ላሟ ብቻ አተላዋን ፈልጋ ትጮኻለች።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አልሞተም ማለት ነው?»

«አናውቅም እማ።»

«ማንም አልነገረሽም?»

«ማንም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች ብዬ። መሬቱ ላይ እንደተቀመጠች እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለች።

«እኔ እኮ አረፍኩ ብዬ ነበር» አለች። «እንደጮህኩ... አንድ ጊዜ እፎይ አልኩ።»

ከሴቶቹ አንዷ «ምነው እቴ! ምን ነካሽ? ክፉ አታውሪ!» ብላ አማተበች። አያ «ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ በርቺ፣ ልጅሽ ይመጣል» አሉ። እኔ ግን ያቺን «እፎይ» ዛሬም አልረሳኋትም። ስንት ጊዜ አዳራሽ ገብቼ መብራቱ ሲጠፋ እፎይ ያልኩት እኔ፣ እሷ እዚያው ጨለማ ውስጥ እንደተቀመጠች አንድም ቀን አላሰብኩም።

ማንም አልተበተነም። የተነሣ ለቅሶ እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ አጥሩ ሥር ተደርድረው ቁጭ አሉ። አንዷ ለእናቴ ውኃ አመጣችላት። ጠጣችና «የምን ቴአትር ነው?» አለችኝ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ስለሸሸው ልጅ፣ ስለ ደመኞቹ፣ ሥራ ፈትተው ስለሚጠብቁት አልቃሾች። ለግጥማቸው የሚጠይቁትን ስነግራት ሴቶቹ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። በሩ ቀንም ሌትም አይዘጋም ስላት ወደ ራሷ በር ዞር ብላ አየች።

«ሽማግሌዎቹ መጡ» አልኳት።

«እሺ።»

«ትልቁ አፉን ከፈተ።»

«እሺ፣ ምን አለ?»

«መብራት ይጠፋል።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ፣ እማ። ቴአትሩ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ሳይነግሯት?»

«ሳይነግሯት።»

እናቴ ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ ምን ያለው ጨካኝ ነው ይሄን የሠራው!» አለች።

ያንን መጨረሻ ይዤ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። መምህሩ እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ አየሽ አላለኝም፣ አንገቱን ደፋ። ለዚህ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«ፊልሙ ላይ ግን ይነግሯታል፣ እማማ» አለች ፀጉር ሠሪዋ በቀስታ። «እኔ ስልክ ላይ አለ።»

«አሳዪኝ።»

«እማ፣ ይቅርብሽ» አልኩ።

«አሳዪኝ አልኩ።»

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ለኔ ሰጠችኝ። ሴቶቹ እየተንፏቀቁ በእናቴ ዙሪያ ተጠጉ፤ ያዘቀዘቁት ነጠላ ሁሉ አንድ ላይ ሆነ። ከፈትኩት። ገደሉ፣ ጉሙ፣ ያቺ ፀጉሯ ካስክ የገባ እናት። «ይቺ አፋፉ ላይ ያለችው የኛ ዛፍ አይደለች?» አለች አንዷ። ዝም አሰኟት። ሽማግሌው አፉን ከፈተ፤ መሮጥ ፈለግሁ፤ ግን እናቴ ክንዴ ላይ ተደግፋለች።

«ልጅሽ አርፏል» አለ።

ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት ጮኸች። እናቴም ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና አለቀሰች። እንደ ቅድሙ ጩኸት አይደለም፤ ረጅም ለቅሶ ነው፣ ከታች የሚመጣ። ሴቶቹ ተከተሏት። የፊልሟ እናት ሙሾ ታወርዳለች፣ እነሱ ይቀበላሉ።

አያ ተደናግጠው መጡ። «ተይ እንጂ! አልሞተም ተብሎ፣ በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል? ሟርት ነው!»

«ለሷ ነው» አለች እናቴ ወደ ስልኩ እየጠቆመች። «ለሴትዮዋ ልጅ ነው የማለቅሰው። ለእሱም ክልክል ነው?»

አያ ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ።

የኔም እጅ ወደ ነጠላዬ ሄደ። እምቢ አላለኝም። ለዚያች ሴት ልጅ ነው፣ ለማንም አይደለም እያልኩ ጥለቱን ወደ አንገቴ አደረግሁና ከእናቴ ጋር፣ ሲኒማ ቤት ጥዬው የወጣሁትን መጨረሻ አየሁ። አጭር ነው። ገደሉ እየራቀ ሄዶ ስክሪኑ ጠቆረ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ፣ እማ።»

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ስልኩን የያዘውን እጄን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ድገሚልኝ» አለችኝ።